ክሩ ስንት ቀን ይቆያል? የአንደሉሱ ቀዶ ሐኪም አቡል ቃሲም አል-ዘህራዊ

 

በዚህ የተከበረ የረመዷን ወር እስላማዊው ዓለም ካፈራቸው ታላላቅ ሰዎች የአንዱን የሕይወት ታሪክ ይዘን ቀርበናል። የዛሬው ባለታሪካችን ጦር አልመሩም፤ አገርም አልገዙም። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በመርፌና በክር፣ በምላጭና በጋለ ብረት መካከል፣ በሕመምተኞች ራስጌ ነው። ሙሉ ስማቸው አቡል ቃሲም ኸለፍ ኢብን ዓባስ አል-ዘህራዊ ይባላል። አውሮፓውያን ስማቸውን አጣመው አልቡካሲስ ብለው ይጠሯቸዋል።

ስለ እርሳቸው ብዙ ሊባል ይችላል። እኛ ግን ዛሬ ሥራቸውን የምናየው በአንድ በሽታ በኩል ነው፤ እርሱም የብሽሽት ቡአ ነው። ሐኪሞች ሄርኒያ ይሉታል። በየሰፈሩ ያለ፣ በተለይ ብዙ ወንዶች የሚያውቁት፣ ነገር ግን ከሐፍረት የተነሣ ለሚስትም ለልጅም ሳይነገር ለዓመታት የሚደበቅ ሕመም ነው። አል-ዘህራዊ ከሺሕ ዓመት በፊት ይህን ሕመም በዝርዝር ጽፈውበታል። ከዚህም በላይ ዛሬ ድረስ ቀዶ ሐኪሞችን የሚያከራክረውን ጥያቄ አንሥተዋል፦ ቁስል የተሰፋበት ክር በሰውነት ውስጥ ምን ያህል ጊዜ መቆየት አለበት?

የዘህራእ ልጅ

እ.ኤ.አ. በ936 ገደማ የአንደሉሱ ኸሊፋ ዓብዱረሕማን ሣልሳዊ፣ ዛሬ ስፔን በምንላት አገር፣ ከቁርጡባ (ኮርዶባ) ከተማ በስተምዕራብ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኝ ተራራ ሥር አዲስ ከተማ ማሠራት ጀመሩ። ስሟም መዲነቱ-ዘህራእ ተባለ። ባለታሪካችን አል-ዘህራዊ የተባሉት በዚህችው ከተማ ስም ሲሆን፣ የተወለዱትም በዚያው ዘመን ገደማ እንደሆነ ይታመናል። አል-አንሷሪ የሚል መጠሪያም አላቸው። ይህም የዘር ሐረጋቸው ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ተቀብለው ካስተናገዱት የመዲና አንሷሮች እንደሚመዘዝ ያመለክታል።

ስለ ግል ሕይወታቸው የተጻፈው ጥቂት ነው። ስማቸውን ለትውልድ ካቆዩት አንዱ የታሪክ ጸሐፊው አል-ሑመይዲ ናቸው። እርሳቸውም የታላቁ ዓሊም የኢብን ሐዝም ደቀ መዝሙር ነበሩ። ኢብን ሐዝም ራሳቸው አል-ዘህራዊን በአካል እንዳገኟቸውና መጽሐፋቸውን እንዳዩ መስክረዋል፤ በሕክምና ከዚያ የተሟላ መጽሐፍ አልተጻፈም ቢባል ሐሰት እንደማይሆንም ተናግረዋል።

ያ መጽሐፍ አት-ተስሪፍ ይባላል። በ30 ክፍሎች የተዘጋጀ የሕክምና ስብስብ ሲሆን፣ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1000 ዓመት አካባቢ ነው። የመድኃኒት ቅመማ፣ የምግብ አወሳሰድ፣ የበሽታ ምልክቶች ሁሉ በየክፍሉ አሉበት። ስማቸውን ዘላለማዊ ያደረገው ግን የመጨረሻው፣ 30ኛው ክፍል ነው። እርሱም በሦስት ይከፈላል፦ በጋለ ብረት መተኮስ፣ በምላጭ ቀዶ መስፋት፣ የተሰበረና የወለቀ አጥንት መጠገን። ሦስተኛውን የእኛ አገር ወጌሻዎች ቢያዩት ብዙውን ነገር ያውቁታል። በዚህ ክፍል ውስጥ ወደ 200 የሚጠጉ የሕክምና መሣሪያዎች በሥዕል ቀርበዋል። በእነዚያ ዘመናት የሕክምና መሣሪያን እንዲህ አብዝቶ በሥዕል ያሳየ ጽሑፍ አይታወቅም። ሥዕሉ ለጌጥ አልነበረም። ተማሪው መሣሪያውን ለአንጥረኛ አሳይቶ ማሠራት እንዲችል ነው።

ስለ ሞቱት ሰዎች መጻፍ

አል-ዘህራዊ ተማሪዎቻቸውን እንደ ልጆቻቸው ቆጥረው ይመክሩ ነበር። 30ኛውን ክፍል ሲጀምሩ ያስቀደሙት ስለ ራሳቸው ችሎታ ማውራትን አይደለም። በአገራቸው የቀዶ ሕክምና ጥበብ እየጠፋ መሄዱን በሐዘን ይገልጻሉ። ምክንያቱንም ይናገራሉ፦ የሰውነትን አሠራር ሳያጠኑ ምላጭ የሚያነሡ ሰዎች በዝተዋል።

ከዚያም ያዩትን ይተርካሉ። አንድ አላዋቂ ሐኪም በአንዲት ሴት አንገት ላይ ያበጠን እጢ ሲቀድ የደም ሥሮቿን ቆርጦ፣ ሴትዮዋ ከፊቱ ደሟ ፈስሶ ሞተች። ሌላው ከአንድ አዛውንት ፊኛ ትልቅ ጠጠር ለማውጣት ሲታገል፣ ጠጠሩን ከፊኛው ቁራጭ ጋር አብሮ አወጣው። አዛውንቱም በሦስት ቀን ገደማ ሞቱ። እነዚህ ታሪኮች የተጻፉት ሰው ለማዋረድ ሳይሆን፣ የሚያነባቸው ወጣት ሐኪም እጁን እንዲሰበስብ ነው። አል-ዘህራዊ ቀዶ ሕክምናን በሁለት ይከፍላሉ፤ አንዱ ደኅንነት የሚገኝበት፣ ሌላው በብዛት አደጋ ያለበት። አደጋ በሚበዛበት ቦታ ሁሉ ተማሪያቸውን ያስጠነቅቃሉ።

ተስፋ የተቆረጠበትን ሰው ያዳኑበትን ታሪክም ጽፈዋል። አንድ ሰው ሆዱን በቢላዋ ተወግቶ አንጀቱ ወጣ። ሐኪሞች አይድንም ብለው ፈርደውበት ነበር። በቦታው ቅባትም ሆነ መድኃኒት አልነበረም። አንጀቱ ወደ ሆዱ ተመልሶ፣ ቁስሉ በቀን ሁለት ጊዜ በማር ውኃ እየታጠበ አሮጌ ጥጥ ይደረግበት ጀመር። ቁስሉ በ15 ቀን ገደማ ድኖ ሰውየው ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ።

ቡአ ምንድን ነው?

የሆዳችን ግድግዳ በብሽሽት በኩል ደካማ ቦታ አለው። ወንድ ልጅ ገና በማኅፀን ሳለ የዘር ፍሬው የሚሠራው በሆድ ውስጥ ነው። ከዚያም በብሽሽት በኩል አልፎ ወደ ታች ይወርዳል። ያለፈበት መንገድ በሚገባ ሳይዘጋ ሲቀር፣ ወይም በዕድሜና በድካም ሲላላ፣ ሆድ ዕቃን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን እንደ ከረጢት ወደ ውጭ ይገፋል። አንጀትም ተከትሎት ይገባል። ሰውየው ሲያስል ወይም ዕቃ ሲያነሣ እብጠቱ ይወጣል፤ ሲተኛ ይመለሳል። ይህ ነው የብሽሽት ቡአ።

አል-ዘህራዊ ለዚህ ሕመም ከጻፉት ሕክምና አንዱ መተኮስ ነው። አንጀቱ ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላ ቀዳዳው ያለበት ቦታ በጋለ ብረት ይተኮሳል። የሚድነው ጠባሳ እንደ መዝጊያ እንዲያገለግል ነው። ሕመምተኛው ከዚያ በኋላ 40 ቀን በጀርባው እንዲተኛ፣ እንዳያምጥ ቀለል ያለ ምግብ እንዲበላ ያዛሉ። ሲነሣም ብሽሽቱን በመታጠቂያ አስሮ ሌላ 40 ቀን እንዲቆይ፣ ከድካም፣ ከጥጋብና ከጩኸት እንዲቆጠብ ይመክራሉ። ዛሬ ቡአን በብረት መተኮስ ቀርቷል። ምክሩ ግን አንድ ነገር ያሳየናል፤ አል-ዘህራዊ የተጎዳ ግድግዳ ጥንካሬውን መልሶ ለማግኘት ሳምንታት እንደሚያስፈልጉት ተረድተው ነበር።

ሁለተኛው መንገድ ቀዶ መስፋት ነው። አንጀት እስከ ዘር ፍሬ ከረጢት ድረስ ሲወርድ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና አደገኛ መሆኑን ያስጠነቅቃሉ። በዚያ ዘዴ የወጣው ሽፋን በወፍራም ድርብርብ ክር በሁለት ቦታ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ ትርፉ ይቆረጣል፤ ከእርሱ ጋር የዘር ፍሬውም ይወጣል። ለአንድ ወጣት ባል ይህ ምን ያህል ከባድ ዋጋ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

እብጠቱ ብሽሽት ላይ ብቻ ሲሆንና ወደ ታች ሳይወርድ ሲቀር ግን ሌላ መንገድ አስተምረዋል። ሕመምተኛው በጀርባው ይተኛል። እብጠቱ ላይ ሦስት ጣት ያህል ይቀደዳል። ከቆዳው በታች ያለው ነጭ ሽፋን ሲገለጥ ሐኪሙ እንደ ኩል መኳያ ያለ ቀጭን ዘንግ ወስዶ የወጣውን ወደ ሆድ ውስጥ ይገፋዋል። ከዚያም በዘንጉ ጫፍ ላይ ከግራና ከቀኝ የሚገናኙትን ከንፈሮች አንዱን ከሌላው ጋር ይሰፋል። በመጨረሻ ዘንጉን ያወጣል። ሽፋኑ አይቆረጥም፤ የዘር ፍሬውም አይነካም። ይህን ዓይነቱን ሕክምና ከእርሳቸው በፊት የነበሩ የግሪክ ሐኪሞችም ያውቁት ነበር። አል-ዘህራዊ ያንን ዕውቀት በራሳቸው ልምድ አጣርተው፣ መሣሪያውን በሥዕል አሳይተው ለተከታዩ ትውልድ አስተላለፉት።

የክሩ ምርጫ

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። አል-ዘህራዊ ለሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ክር አይጠቀሙም። በጆሮ ግንድ በኩል ያለውን የደም ሥር ሲያስሩ፣ ድርብ የሐር ክር ወይም ለዑድ ሙዚቃ መሣሪያ ከሚወጠረው ጅማት የተወሰደ ክር እንዲሆን ያዛሉ። ምክንያታቸውንም ይሰጣሉ፦ ክሩ ቁስሉ ሳይድን ፈጥኖ ከበሰበሰ ደሙ እንደገና ይፈስሳል።

የተቀደደ አንጀት ሲሰፋ ደግሞ ከእንስሳት አንጀት ተፍቆ የሚወጣ ቀጭን ክር በመርፌ መጠቀም እንደሚቻል ጽፈዋል። ሌላም የሚያስገርም ዘዴ ከልምድ ሐኪሞች ሰምተው መዝግበዋል። በአንጀት ላይ ያለው ቀዳዳ ትንሽ ሲሆን፣ ከንፈሮቹ ይገጠሙና ትልልቅ ራስ ያላቸው ጉንዳኖች እንዲነክሱት ይደረጋል። ጉንዳኑ ነክሶ ሲይዝ አካሉ ይቆረጣል፤ ራሱ እንደ መቆንጠጫ እዚያው ይቀራል። ለሆድ ቁስልም አንድ ስፌት ብቻ ሳይሆን የተለያዩ የአሰፋፍ ዓይነቶችን፣ በሁለት መርፌ የሚሠራውን ጭምር አስተምረዋል።

ከእነዚህ ሁሉ በስተጀርባ አንድ አስተሳሰብ አለ። ክር የሚመረጠው ቁስሉ ለመዳን የሚፈልገው ጊዜ ታይቶ ነው። ቶሎ የሚድን ቦታ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ክር ይበቃዋል። ቀስ ብሎ የሚድን ቦታ ግን እስኪጠነክር የሚጠብቀው ክር ያስፈልገዋል።

የከተማዋ መፍረስ

አል-ዘህራዊ ዕድሜያቸው ወደ ማብቂያው ሲቃረብ አንደሉስ በእርስ በርስ ጦርነት ተናጠች። ፊትናው እ.ኤ.አ. በ1009 ተቀሰቀሰ። ብዙም ሳይቆይ መዲነቱ-ዘህራእ ተዘረፈች፤ ተቃጠለች። በሕይወታቸው ዘመን ስትገነባ ያደገችው ከተማ በሕይወታቸው ዘመን ፈረሰች። እርሳቸውም ከ400 ዓመተ ሒጅራ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1013 ገደማ ወደ አኼራ ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው።

የከተማዋ ፍርስራሽ ለዘመናት የድንጋይ መውሰጃ ሆኖ ቆይቶ ቁፋሮ የተጀመረበት እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። በ2018 ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገባት። መጽሐፉ ግን ከከተማዋ በፊት ከአፈር በላይ ነበር። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቶሌዶ ከተማ የክሬሞናው ጄራርድ 30ኛውን ክፍል ወደ ላቲን ተረጎሙት። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ታዋቂው ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም ጊ ደ ሾልያክ በመጽሐፋቸው ደጋግመው ጠቀሷቸው። እ.ኤ.አ. በ1465 ደግሞ በአማስያ ከተማ የነበሩት የኦቶማን ሐኪም ሸረፈዲን ሳቡንጁኦግሉ በአል-ዘህራዊ ላይ ተመሥርተው የራሳቸውን ልምድ ጨምረው፣ በቱርክ ቋንቋ በሥዕል የታጀበ የቀዶ ሕክምና መጽሐፍ አዘጋጁ።

ጥያቄው እስከ እኛ ዘመን

የብሽሽት ቡአ ቀዶ ሕክምና ለብዙ መቶ ዓመታት ችግሩ አንድ ነበር፤ ቡአው ተመልሶ ይወጣል። ይህን የለወጡት ጣሊያናዊው ኤዶዋርዶ ባሲኒ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1884 ጀምሮ በፓዶቫ ከተማ ቀዳዳውን ከመድፈን አልፈው የብሽሽቱን ግድግዳ በሐር ክር መልሰው መገንባት ጀመሩ። ሕመምተኞቻቸውንም ከዓመታት በኋላ ሳይቀር እየተከታተሉ ቡአው መመለስ አለመመለሱን መዘገቡ።

ከዚያ በኋላ የክሩ ነገር በግልጽ መታየት ጀመረ። ከእንስሳት አንጀት የሚሠራውን ክር ሰውነት በሳምንታት ውስጥ ይፈጨዋል። ለአንጀት ስፌት ይህ ጥሩ ነው። የብሽሽት ግድግዳ ግን የሚጠነክረው በወራት ነው። ክሩ ሥራውን ትቶ ሲሄድ ግድግዳው ገና ደካማ ከሆነ ቡአው ይመለሳል። ሐር ደግሞ ብዙ ይቆያል፤ ነገር ግን የተጎነጎነ ስለሆነ በክሮቹ መካከል ጀርም ሊደበቅ ይችላል። ቁስሉ ከተመረዘ ክሩ እስኪወጣ ድረስ መግሉ ላይቆም ይችላል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ የሹልዳይስ ሆስፒታል ሐኪሞች ቀጭን የብረት ሽቦ እየተጠቀሙ ግድግዳውን በተደራረበ ተከታታይ ስፌት መስፋት ጀመሩ። ውጤቱም በሙያው ዘንድ የሚደነቅ ሆነ። ዛሬ ይበልጥ የተለመደው የማይሟሟና ያልተጎነጎነ፣ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ የሚሠራ ክር ነው።

ሆኖም ጥሩ ክር መጥፎ አሰፋፍን አያድንም። ተራርቀው ያሉ ከንፈሮችን በጉልበት ስቦ ያገናኘ ስፌት ሥጋውን ቀስ በቀስ ይቆርጠዋል። በጣም የጠበቀ ስፌት ደም እንዳይደርስ ያፍናል። በብሽሽት በኩል የሚያልፉ ቀጫጭን ነርቮች አሉ። አንዱ በስፌት ከተያዘ ሰውየው ቡአው ድኖለት በሕመም ሊኖር ይችላል። ስለዚህም በ1980ዎቹ በአሜሪካ ኢርቪንግ ሊክተንስታይንና ባልደረቦቻቸው ግድግዳውን ሳይስቡ፣ ቀዳዳው ላይ ከፕላስቲክ የተሠራ መረብ አንጥፈው በክር ማያያዝን አስፋፉ። መረቡ ባለበት የቡአ መመለስ በጣም ቀንሷል። እንደ አል-ዘህራዊ ዘመን 40 ቀን መተኛትም ቀርቶ፣ ብዙዎቹ ሕመምተኞች በዚያው ቀን ተነሥተው እንዲራመዱ ይደረጋሉ።

መረቡ ውድ ነው የሚል ሥጋት ነበር። ከእኛ ብዙም በማትርቀው ኡጋንዳ በ302 ወንዶች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ለዚህ መልስ ሰጥቷል። ለወባ መከላከያ አጎበር ከሚውለው ዓይነት ጨርቅ የተዘጋጀና በሚገባ ከጀርም የጸዳ ርካሽ መረብ ከውዱ የፋብሪካ መረብ ጋር ተነጻጸረ። ከዓመት በኋላ ቡአው የተመለሰበት ሰው ርካሹ ከተደረገላቸው አንድ ብቻ ሲሆን፣ ውዱ ከተደረገላቸው አንድም አልነበረም። ይህ ልዩነት ከአጋጣሚ የሚለይ አይደለም። ይህ ማለት ግን ማንም ከቤቱ አጎበር ቆርጦ ይወስዳል ማለት እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ዝግጅቱ የሐኪም ሥራ ነው።

ለቤተሰብ የሚሆን

ከአል-ዘህራዊ ሕይወት ወደ ቤታችን ይዘን የምንገባው ነገር አለ። አባት፣ አጎት ወይም ወንድም ብሽሽቱ ላይ እብጠት ኖሮት ሲደብቅ ካወቅን በጥበብ እንዲታከም እናግባባው። ሕፃን ልጅ ሲያለቅስ ብሽሽቱ የሚያብጥ ከሆነም ይታይ። እብጠቱ አልመለስ ካለ፣ ከጠነከረና ካሳመመ፣ ማስመለስም ካለበት አንጀቱ ታንቆ ሊሆን ይችላል። ያኔ እስከ ኢፍጣር መጠበቅ፣ እብጠቱን በኃይል መግፋት ወይም ማሳሸት አይገባም። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አንጀቱ ሊሞት ስለሚችል በአፋጣኝ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው።

ሐኪሙንም መጠየቅ ነውር የለበትም። ስፌቱ በምን ክር እንደሚሆን፣ መረብ ይደረግ አይደረግ፣ ከባድ ዕቃ መቼ ማንሣት እንደሚቻል ማወቅ የሕመምተኛው መብት ነው። አል-ዘህራዊ ከሺሕ ዓመት በፊት ክሩን የመረጡበትን ምክንያት ለተማሪዎቻቸው በጽሑፍ አስረድተዋል። የዛሬ ሐኪምም ለሕመምተኛው ቢያስረዳ የእርሳቸውን መንገድ ተከተለ እንላለን።

መልካም የፆም ወር። አላህ ለታመሙት ሁሉ ዓፊያ ይስጥልን። ወሰላሙ ዓለይኩም።